የ2016 ሬቮ ሰጥቶ የ2002 5ኤል ደብል ጋቢና ከጭማሪ ጋር መቀበል ያዋጣል?

#1 ባለሬቮ

እንደምን ናችሁ ወገኖች። እስከ ቅዳሜ መልስ መስጠት ስላለብኝ ሐሳባችሁን እሻለሁ።

በእጄ ያለው ሃይሉክስ ሬቮ ደብል ጋቢና ነው፦ የ2016 ሞዴል፣ 2.4 ናፍጣ፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ ፎር ባይ ፎር፣ 168,000 ኪሎ ሜትር። ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ይንኳኳል። ጭኖ ዳገት ሲወጣ አንዳንዴ ጉልበቱ በድንገት ይወርድና የሞተር መብራት ይበራል፤ ጠፍቶ ሲነሳ ይስተካከላል። ጋራዥ ታይቶ «አራቱም ኢንጀክተር (ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ዕቃ) ይቀየር» ተብሏል፤ ኮምፒውተር ግን አልተሰካበትም።

የቀረበልኝ ልዋጭ የ2002 ሞዴል ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ነው፦ 5ኤል ሞተር፣ ፎር ባይ ፎር፣ ቆጣሪው 310,000 ይላል። ባለቤቱ ከላዩ ጥሬ ገንዘብ ይጨምራል። ሞተሩ «ያልተነካ» ነው ባይ ነው።

ሥራው በሳምንት ስድስት ቀን ልደታ፣ ሜክሲኮ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መርካቶ፣ ፒያሳ ነው። በወር ሁለት ጊዜ ከ600 እስከ 700 ኪሎ ጭኖ ደብረ ብርሃን ደርሶ ይመለሳል። በዓመት 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ኮምፒውተር የሌለው ሞተር ይዤ በሰላም ልሥራ ወይስ ያለኝን ላሳክመው?

#2 ናፍጣ ብቻ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የራስህን መኪና በሽታ እወቅ። በሽታው ሳይታወቅ የተሸጠ መኪና ሁልጊዜ በርካሽ ነው የሚሄደው፤ ልዋጩን ያቀረበው ሰው ያችን የሞተር መብራት ቆጥሮ ነው ጭማሪውን የተመነው።

የጻፍካቸው ምልክቶች አራት ኢንጀክተር ሞቷል አያሰኙም። ጭኖ ዳገት ላይ ጉልበት መጣልና ሲያጠፉት መመለስ ብዙ ጊዜ የናፍጣ እጥረት ወይም የቱርቦ አየር መፍሰስ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር የጠየቀውን ግፊት ሲያጣ ሞተሩን ለመጠበቅ ጉልበት ይቆርጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ፦

መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ ፈትተህ በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ ተቀበል። አስቀምጠህ 10 ደቂቃ ጠብቅ። ውኃ ካለ ከታች ተለይቶ ይታያል። ዝቃጭ ወይም ውኃ ከወጣ ፊልትሮው ይቀየር፤ ታንከሩም ወርዶ ይታጠብ። በእኛ አገር ናፍጣ ይህን ፊልትሮ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ማቆየት አይገባም።

ቀጥሎ ኮድ ይነበብ። ፒ0087 ከሆነ የሬይሉ (ናፍጣውን በግፊት ይዞ ለኢንጀክተሮቹ የሚያከፋፍለው ቱቦ) ግፊት አንሷል ማለት ነው፤ ወደ ፊልትሮ፣ ወደ መምጫ ቱቦ፣ ወደ ፖምፓው መቆጣጠሪያ ቫልቭ ትሄዳለህ። ፒ0299 ከሆነ የቱርቦ ግፊት አንሷል፤ ከቱርቦ እስከ ኢንተርኩለርና ከዚያ እስከ ማኒፎልድ ያሉትን ጎማ ቱቦዎችና ፋሸታዎች (ማሠሪያ ቀለበቶች) በእጅህ ዳስስ። ዘይት የቀባው ቱቦ የሚያፈሰው እዚያው ላይ ነው።

ከዚያ የመመርመሪያው ኮምፒውተር ተሰክቶ እያለ መኪናው ተጭኖ ይነዳ። ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወስደው ዳገት ለዚህ ይበቃል፤ ካልበቃ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ። አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው የተፈለገውንና የተገኘውን የሬይል ግፊት ጎን ለጎን ይመልከት። ሁለቱ ተጠጋግተው ከወጡ ናፍጣው ይደርሳል። የተገኘው ወደ ኋላ ከቀረ ችግሩ ከኢንጀክተር በፊት ሊሆን ስለሚችል ኢንጀክተር ቀይረህ መብራቱ ተመልሶ ይበራብሃል።

በመጨረሻ የኢንጀክተሮቹ ማስተካከያ ቁጥር ይታይ። ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲ ጠፍቶ፣ በቁም ሲሠራ ኮምፒውተሩ ለየሲሊንደሩ ምን ያህል ናፍጣ እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ ያሳያል። በፕላስም በማይነስም ከ3 ውስጥ ያለ ጤነኛ ነው። ከዚያ ያለፈ ይጠረጠራል፤ ወደ 5 የተጠጋ ሥራ ይፈልጋል። ፕላስ ሲበዛ ያ ሲሊንደር ደክሟል፣ ኮምፒውተሩ እየጨመረለት ነው ማለት ነው። ድካሙ ከኢንጀክተር ወይም ከኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበት ግፊት) ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በቁጥሩ ብቻ አትፍረድ።

ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። አራት ኢንጀክተር ከመግዛትም መኪና ከመለወጥም በፊት ይደረግ።

#3 ጋሽ ቶርኖ

ለናፍጣ ብቻ፦ የጻፍከው ልክ ነው። እኔ ስለ 5ኤሉ ልናገር፤ ሰው «ቀላል ሞተር» እያለ ዓይኑን ጨፍኖ ይገባበታልና።

5ኤል 2,986 ሲሲ ነው። ቱርቦ የለውም፣ ፖምፓው መካኒካል ነው፣ ኢንጀክተሩ የሚከፍተው ከ100 እስከ 150 ባር አካባቢ ነው። የሬቮው ሬይል እስከ 2,200 ባር ይደርሳል። ስለዚህ 5ኤል ቆሻሻ ናፍጣ ይታገሣል፤ ይህ እውነት ነው። የማይታገሠው ግን ሙቀት ነው። አንድ ጊዜ ውኃ ጨርሶ ከተነዳ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ የላይኛው ክዳን) ይጣመማል ወይም በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል።

ልጄ፣ እንዲህ አድርገህ እየው። ጠዋት ድንገት ሂድ። ባለቤቱ ቀድሞ እንዳያስነሳው አስጠንቅቅ፤ ኮፈኑን ከፍተህ ሞተሩን በእጅህ ንካ። ሞቆ ከጠበቀህ ሌላ ቀን ተመለስ። የራዲያተሩን ክዳን ክፈት፦ ውኃው ዘይት ከለበሰ ወይም ዝገት ብቻ ከሆነ ያ መልስ ነው። ክዳኑን መልሰህ አስነሳ። ነጭ ጭስ ለግማሽ ደቂቃ ወጥቶ ከጠራ የአዲስ አበባ ጠዋት ነው፣ ምንም አይደለም። ነጭ ሆኖ ከቀጠለና ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ማሞቂያ ካንዴላ፣ ኢንጀክተር ወይም ኮምፕሬሽን ነው። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ይበላል።

ሞተሩ በተነሳ በአንድና ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨብጥ። ውኃው ገና ቀዝቃዛ ሆኖ ቱቦው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የሲሊንደር ግፊት ወደ ውኃ እየገባ ነው፤ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታ ነው። ቀጥሎ የዘይት ክዳኑን ፈትተህ ሳታጠብቅ አፉ ላይ አስቀምጠው። ትንሽ ቢርገበገብ ደህና። ከተወረወረ ወይም ጭስ እንደ ጭስ ማውጫ ካፈነዳ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል።

ከዚህ በኋላ ኮምፕሬሽን ሳይለካ ገንዘብ አይነካም። አራቱም ማሞቂያ ካንዴላ ይወጣል፣ የፖምፓው ናፍጣ መቁረጫ ገመድ ይነቀላል፣ ባትሪው ሙሉ ይሆናል፣ ሞተሩ ሞቆ ይለካል። መጽሐፉ ለአዲስ ሞተር ወደ 31 ባር፣ ለመጨረሻው ዝቅታ 20 ባር፣ በሲሊንደሮች መካከል ደግሞ ከ5 ባር ያልበለጠ ልዩነት ይላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ያ ቁጥር የባሕር ጠለል ነው። እዚህ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ጥሩ ሞተር 23 ወይም 24 ባር ያሳያል። 23 አይቶ «ሞተሩ አልቋል» የሚል መካኒክ ደህና መኪና ያስጥልሃል። እዚህ ዋናው ልዩነቱ ነው፤ አራቱ ተጠጋግተው ይውጡ።

«ያልተነካ» ስለተባለው፦ በብሎኩ ጎን 5ኤል የሚል ጽሑፍ አብሮ ተቀርጾ ይወጣል። 3ኤልም ከውጭ ሲታይ ያው ይመስላል፣ 2,779 ሲሲ ነው፣ ተቀይሮ የገባበት መኪና ብዙ ነው። ብሎኩን አንብብና ከሊብሬው ጋር አስተያየው። የቴስታታው ቡሎኖች ራስ ላይ የመፍቻ ጭረት ካለ፣ ወይም በቴስታታውና በብሎኩ መካከል አዲስ ጓርኒሲዮን ካየህ ተነክቷል። መነካቱ ነውር አይደለም። ነውሩ በደንብ አለመሠራቱ ነው። የዚህ ሞተር ጓርኒሲዮን ፒስቶኑ ከብሎኩ ምን ያህል ብቅ እንደሚል ተለክቶ በሦስት ውፍረት ይመረጣል፤ ቢ፣ ዲ፣ ኤፍ የሚል ምልክት አለው። ከሱቅ ያገኙትን ያስገቡበት ሞተር ወይ ፒስቶኑ ቴስታታውን ይነካል፣ ወይ ኮምፕሬሽኑ ይወርዳል።

#4 ባለሬቮ

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። የቺንጊያውስ (የቫልቮቹን ዘንግ የሚያዞረው ቀበቶ) ነገር? ሬቮው ሰንሰለት ነው ይባላል፤ የ5ኤሉ ቢበጠስ ምን ይሆናል?

#5 ጋሽ ቶርኖ

የሬቮው ሰንሰለት ነው፤ ዘይት በጊዜው ከተቀየረለት በኪሎ ሜትር ተቆጥሮ አይቀየርም። 5ኤል ቺንጊያ ነው፣ በ100,000 ይቀየራል። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ። ዳሽቦርዱ ላይ የቺንጊያ መብራት አለ፤ 100,000 ሲሞላ ይበራል፣ ከተቀየረ በኋላ እንደገና ከዜሮ እንዲቆጥር ይደረጋል። ቁልፍ ስትከፍት ያ መብራት ጭራሽ ብልጭ ካላለ አምፖሉ ተነቅሏል። ማስረጃ የሌለው ቺንጊያ እንዳልተቀየረ ይቆጠራል፦ በወሰድክ ቀን ቺንጊያውን፣ መወጠሪያውን፣ የኮሎውንና የካሙን (የሞተሩን ሁለት ዘንጎች) ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገውን ጎማ) አብረህ ቀይር። ዘይት የነካው ቺንጊያ 100,000 አይደርስም።

በዚያው ቀን የቫልቭ ክፍተትም ይለካ፤ በቀዝቃዛ ሞተር የመግቢያው ከ0.20 እስከ 0.30፣ የመውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር ነው።

#6 የከፍታ ሒሳብ

ማንም ያላነሳው ነገር አለ፦ መንገዱ። ይህ መኪና ከ2,300 ሜትር በታች ወርዶ አያውቅም፤ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር አካባቢ ነው።

ቱርቦ የሌለው ሞተር ያገኘውን አየር ብቻ ነው የሚተነፍሰው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 76 በመቶ ያህል፣ ደብረ ብርሃን ላይ 72 በመቶ ያህል ነው። 5ኤል ባሕር ጠለል ላይ ከ90 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ ይሸጣል፤ እዚህ ከ68 እስከ 76 ይቀረዋል። ሬቮው 2.4 ወደ 150 ነው፤ ቱርቦው በፍጥነት ዞሮ የጎደለውን አየር ስለሚተካ አብዛኛውን ይዞ ይቆያል። 700 ኪሎ ጭኖ በደብረ ብርሃን መንገድ ከባድ መኪና ለመቅደም ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። 5ኤል ይደርሳል፤ ግን በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ከሲኖ ኋላ ተሰልፎ ነው።

አየሩ ሲሳሳ የፖምፓው ናፍጣ መጠን ግን ስለማይቀንስ ሌላ መዘዝ አለ። ትርፉ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ጉልበት አነሰ ብሎ የፖምፓዋን የናፍጣ መጠን ቡሎን ወደ ውስጥ የሚያጠብቅ ሰው አለ። ጭሱ ይብሳል፣ ጉልበቱ ብዙም አይጨምርም፣ የጭስ ማውጫው ሙቀት ግን ይወጣና ጋሽ ቶርኖ ያሉትን ስንጥቅ ያመጣል። ስለዚህ በሙከራ ጊዜ ዳገት ላይ ከኋላ አንድ ሰው ጭሱን ይይ። እንደ ከሰል የጠቆረ ከሆነ ፖምፓዋ ተነክታለች ማለት ነው።

ስለ ሙቀት ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ነው። የሞተሩ ቴርሞስታት የሚከፍተው በ82 አካባቢ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ በመሥሪያ ሙቀቱና በመፍላት መካከል ያለው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ደኅና ክዳን 0.9 ባር ያህል ሲይዝ መፍላቱ ወደ 114 ዲግሪ ይርቃል። አሮጌ መኪና «ዳገት ላይ ይሞቃል» ሲባል ራዲያተር ከማስቀየራችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ፤ ከሁሉ ርካሹ ዕቃ እሱ ነው። ንጹሕ ውኃ ብቻ መሙላትም ይቅር። ግማሽ በግማሽ አንቱፍሪዝ ያለበት ውኃ ቴስታታውን ከዝገት ይጠብቃል፣ መፍላቱንም ያርቃል።

አሁን ወጪ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በሊትር እንቁጠረው። 5ኤል ከተማ ውስጥ በሊትር 8.5 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ ሬቮው 11 ቢሄድ፣ 20,000 ኪሎ ሜትር ለአንዱ 2,353 ሊትር፣ ለሌላው 1,818 ሊትር ነው። ልዩነቱ በዓመት 535 ሊትር፤ 80 ሊትር የሚይዘው የሬቮው ታንከር ሰባት ጊዜ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ማለት ነው። የሚሰጥህን ጭማሪ መጀመሪያ ለዛሬው የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ፣ ከዚያ ለ535 አካፍል። በስንት ዓመት እንደሚያልቅ ይነግርሃል።

#7 የሶማሌ ተራዋ

ሒሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን የዕቃውን ወገን ካላያችሁ ሙሉ አይደለም።

ለ5ኤል ሶማሌ ተራም ተክለ ሃይማኖትም የማይገኝ ነገር የለም፦ ፒስቶን፣ ፋሻ፣ ብሮንዚን (የኮሎው ማረፊያ)፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ኦሪጅናልም ሁለተኛ ደረጃም። ገጠር ከተማ ውስጥ ቢቆምባችሁ እንኳ የሚፈታው ሰው አይጠፋም። የሬቮ ኢንጀክተርና የፖምፓ ቫልቭ ይገኛል፤ ግን ተመሳስሎ የተሠራ ይበዛል። ኢንጀክተር ስትገዙ ራሱ ላይ የታተመው ካሬ ኮድና አብሮት ያለው 30 ፊደልና ቁጥር ይነበባል ወይ? አራት ኢንጀክተር ገዝታችሁ አራቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ካያችሁ መልሱ፤ በፋብሪካ እያንዳንዱ ተለክቶ የራሱን ቁጥር ነው የሚይዘው።

ያገለገለ ቴስታታ ለ5ኤል የምትገዙ ከሆነ ደግሞ በቫልቮቹ መቀመጫ መካከል ያለውን ቦታ አስጠርጋችሁ በጥሩ ብርሃን እዩ። ማሽን ቤት በግፊት ሳያስፈትሽ የተገዛ ቴስታታ ሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልበል። 5ኤል የሚፈልግ ሰው ለክፍለ ሀገር ሥራ ነው የሚፈልገው። ልደታና ፒያሳ ለሚመላለስ፣ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ በእግር መንገድ ላይ ላለው ሰው፣ «በየትም ይሠራል» የሚለው ጥቅም ብዙ አይታየኝም። መርካቶ ውስጥ ለማቆምና ለመዞር ግን አሮጌው ይሻላል። ሬቮው 5.3 ሜትር ገደማ ነው፤ አሮጌው ከዚያ በግልጽ ያጥራል፣ ይጠባልም።

#8 ባለሬቮ

እህቴ አመሰግናለሁ። አንድ ጓደኛ «ሁለቱንም ተውና ዲፎርዲ 3.0 (የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ፈልግ፣ መካከለኛ ነው» አለኝ። እሱስ?

#9 ናፍጣ ብቻ

ዲፎርዲ 3.0 (1ኬዲ) መካከለኛ አይደለም፤ እሱም ኮመን ሬይል (እንደ ሬቮህ ናፍጣውን በሬይል የሚያከፋፍል) ነው፣ እሱም ኮምፒውተር አለው። የአንተን ችግር ይዞ ዕድሜው የገፋ ነው። ጉልበቱ ጥሩ ነው፣ ዕቃውም ሞልቷል፤ ግን የሚገድለውን በሽታ ሳታይ አትውሰድ።

ኢንጀክተሮቹ ሥር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች (ማሸጊያ ቀለበቶች) ሲለቁ የሚቃጠለው ጋዝ ወደ ላይ ወጥቶ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍራል። ያ ዝቃጭ ዘይት መምጠጫውን ወንፊት ይደፍነዋል፣ የዘይት ግፊት ይወርዳል፣ ብሮንዚን ይበላል፣ ሞተሩ ያልቃል። የዘይት መብራት ሲበራ ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል። ስለዚህ የዘይት ክዳኑን ከፍተህ ውስጡን እይ፤ ጥቁር ጠጣር ቅርፊት ካለ ተመለስ። የምትወደው መኪና ከሆነ ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ቋት) ወርዶ ወንፊቱ ሳይታይ አትዋዋል። ኢንጀክተር በወጣ ቁጥር ሮንዴላ አዲስ ይሁን። ቺንጊያም አለው፤ ከ100,000 እስከ 150,000 እንደ መኪናው መመሪያ።

2.5ቱ (2ኬዲ) ቁጠባው ይሻላል፤ ጭነት ላይ ግን ከሬቮህ በግልጽ ያንሳል።

#10 ሊብሬ

ሞተሩ ላይ ስትከራከሩ ወረቀቱ ተረሳ። በልዋጭ የሚበላሸው አብዛኛው ነገር ወረቀት ነው።

የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ላይ ብቻ አታንብብ። ሃይሉክስ ላይ በቀኝ በኩል የፊት ጎማ አካባቢ ሻንሲው ራሱ ላይ ተመትቷል። ጭቃውን ጥረግና ፊደል በፊደል አስተያይ። ቁጥሩ ዙሪያ የብየዳ ወይም የመሞረጃ ምልክት ካለ ጉዳዩን ተወው። የሞተር ቁጥሩም ከሊብሬው ጋር ይግጠም፤ ሞተር ተቀይሮ ያልተመዘገበ ከሆነ ስም ማዞሩ ይቆማል። መዝገቡ ያለበት ቢሮ ሄዳችሁ እዳና እገዳ እንደሌለ አረጋግጡ። በቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል አይዞርም። ያለፉ ዓመታት ቦሎና የትራፊክ ቅጣት ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

ልዋጭ ሲሆን በቃል «አንተ ይህን፣ እኔ ያንን» ተባብሎ ቁልፍ መቀያየር አደገኛ ነው። ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ሁለት ውል ይደረግ፣ ሁለቱም ስም በአንድ ቀን ይዙር። በውክልና ይዤው ልቆይ የሚል ካለ እምቢ በል፤ ወካዩ ቢሞት ወይም ውክልናውን ቢሽር መኪናው እጅህ ላይ ወረቀት አልባ ይሆናል።

ቀብድም በጥንቃቄ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ከተወ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ከምርመራ በፊት ቀብድ አትስጥ፣ አትቀበልም። ደላላ ሲያጣድፍህ ይህን አስብ።

ሌላው ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ ገበያው ባለው መኪና ነው የሚሽከረከረው። ሬቮ ሰጥተህ ብትጸጸት በሰጠህበት ዋጋ መልሰህ አታገኘውም።

#11 ሰላም ጉዞ

ስለ ፍሬን ማንም አልተናገረም፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ ነው። ሬቮው ኤቢኤስና ኤርባግ አለው። በዚያ ዘመን ከገቡት 5ኤሎች አብዛኞቹ አንዱም የላቸውም። ደብል ጋቢና ነውና ከኋላ ሰው ይቀመጣል።

አሮጌው ላይ ከኋላ ዲፈረንሻል ጋር በዘንግ የተያያዘች የጭነት ቫልቭ አለች። መኪናው ሲጫን ወገቡ ይወርዳል፣ ዘንጓ ትገፋለች፣ ለኋላ ጎማ የሚሄደው የፍሬን ኃይል ይጨምራል። ብዙ መኪና ላይ ባሌስትራ ተጨምሮ ወገቡ ከፍ ተደርጓል፣ ዘንጓ ግን እንደነበረች ናት። ያኔ ቫልቯ መኪናው ባዶ ይመስላታል፤ ተጭኖ ቁልቁለት ላይ የኋላው ፍሬን አይዝም፣ የፊቱ ብቻውን ይግላል። ዘንጓ መኖሯን፣ ያልተጣመመችና በሽቦ ያልታሰረች መሆኗን ከሥር ገብታችሁ እዩ። እዚያው እያላችሁ ባሌስትራ የተሰቀለበትን የሻንሲ ክፍልና ከጋቢናው ኋላ ያለውን በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ። ከመጠን በላይ የጫነ መኪና ሻንሲ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፤ አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ሻንሲ ካያችሁ በተለይ።

የፊት እግሩን ጃክ አንሥታችሁ ጎማውን ከላይና ከታች፣ ከዚያ ከግራና ከቀኝ ያዙና ነቅንቁ። ቴስቲኖቹ (የመሪው መጋጠሚያዎች) እና የመሪው አጋዥ ክንድ ላይ ክፍተት ካለ በፍጥነት ላይ መሪው ይንሳፈፋል። ፎር ባይ ፎሩንም አስገብታችሁ ሞክሩ፤ ጠጠር ላይ እንጂ አስፋልት ላይ አይሁን። የፊት ዲፈረንሻሉ ዘይት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል።

#12 ባለሬቮ

ያላችሁትን ሁሉ አስደርጌ ውጤቱን ይዤ መጣሁ።

5ኤል፦ ሻንሲና ሞተር ቁጥር ይገጥማል፣ ብሎኩ 5ኤል ነው። ኮምፕሬሽን በሞቀ ሞተር 24፣ 23፣ 24፣ 16። አራተኛው ላይ ጥቂት ዘይት ጨምረው ሲለኩ 17 ሆነ። የላይኛው ቱቦ በሁለት ደቂቃ ጠነከረ። የቺንጊያ መብራት ቁልፍ ሲከፈት አይበራም። የጭነት ቫልቯ ዘንግ የለችም።

ሬቮ፦ ከፊልትሮው ሥር ውኃ ወጣ። ኮዱ ፒ0087። ማስተካከያ ቁጥሮቹ በተራ +0.8፣ −1.1፣ +3.9፣ −0.6። ፊልትሮ ከተቀየረ በኋላ በቸርችል ጎዳና ሲወጣ የሬይሉ ግፊት ከተፈለገው ጋር ተጠጋግቶ ሄደ፣ መብራቱም አልበራም። የጠዋቱ መንኳኳት ግን አለ።

#13 ጋሽ ቶርኖ

የ5ኤሉ ነገር አልቋል። ዘይት ሲጨመር ኮምፕሬሽኑ በደንብ ቢወጣ ፋሻ ነው እንል ነበር። ከ16 ወደ 17 ብቻ ከሆነ ቀዳዳው ላይኛው ወገን ነው፦ ቫልቭ፣ ጓርኒሲዮን ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ። ቱቦው መጠንከሩ ወደ ኋለኞቹ ሁለቱ ያደላል። ይህ ሰው ጭማሪ ሊሰጥህ የመጣው ቴስታታውን ላንተ አሸክሞ ነው። የቴስታታ፣ የጓርኒሲዮን፣ የቺንጊያና የማሽን ቤት ወጪውን ደምረህ ከጭማሪው ቀንስ፤ ብዙ አይተርፍህም።

#14 ናፍጣ ብቻ

ሬቮህ ላይ የተጠረጠረው ሦስተኛው ብቻ ነው፤ አራት አትግዛ። እሱንም ከመግዛትህ በፊት ሦስተኛውን ከአንደኛው ጋር አቀያይሩት፣ ኮዳቸውንም ኮምፒውተሩ ላይ አብራችሁ አቀያይሩ። ፕላስ 3.9ኙ ወደ አንደኛው ሲሊንደር ከተከተለው ኢንጀክተሩ ነው። ሦስተኛው ላይ ከቀረ ኮምፕሬሽን ይለካ።

ውኃ ስለተገኘ ታንከሩ ሳይታጠብ አዲስ ኢንጀክተር እንዳይገባ። ቱቦዎቹ ከመፈታታቸው በፊት ዙሪያው በአየር ይነፋ፤ የተፈታው አፍ ሁሉ ወዲያው ይከደን፣ ለአንድ ደቂቃም ክፍት አይቆይ። ዘይትና ፊልትሮውንም አብረህ ቀይር፣ 7.5 ሊትር ይፈልጋል።

#15 ባለሬቮ

ልዋጩን ትቼዋለሁ፤ ለባለቤቱም የአራተኛውን ሲሊንደር ቁጥር ነግሬዋለሁ፣ ሌላ ሰው ላይ እንዳይወድቅ። ታንከሩ ሐሙስ ይወርዳል፣ ኢንጀክተሮቹም በዚያው ቀን ይቀያየራሉ። ጋሼ፣ ሲገጠም አብሬ እቆማለሁ፤ ምን ላይ ዓይኔን ልጣል?

#16 ጋሽ ቶርኖ

ሦስት ነገር ላይ። አሮጌው የመዳብ ሮንዴላ ከጉድጓዱ ወጥቶ እጅህ ላይ ይቁጠርልህ፤ ሥር ቀርቶ አዲሱ በላዩ ከተቀመጠ ጋዝ ያፈሳል። የተቀመጠበት ቦታ ከካርቦን በደንብ ይጠረግ፤ ሲጠረግ ፍርፋሪው ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወድቅ ይደፈን። ማሠሪያው ቡሎን ደግሞ በእጅ ስሜት ሳይሆን በመለኪያ መፍቻ፣ መመሪያው በሚለው ልክ ይጥበቅ። ሲነሳ አንድ ሰው በባትሪ መብራት የቱቦዎቹን ዳዶዎች ይይ። በጣቱ ግን አይዳስስ፤ በዚያ ግፊት የምትረጭ ናፍጣ ቆዳ ትበሳለች።

ሐሙስ ማታ የአራቱን ቁጥር እዚህ ጻፍልን።